በረዶ ይዞ ለቅሶ የገባው ጢሞቲዎስ

ዳንግላ ውስጥ ጢሞቲዎስን በስሙ የሚጠሩት ሚስቱ ኢየሩስ፣ አብረውት የሚጸልዩ ምእመናንና ጥቂት ጎረቤቶቹ ብቻ ናቸው። ለቀረው ከተማ እሱ «አውሮፕላኑ» ነው። ሻይ ቤት ብቅ ሲል «ወንበር ልቀቁ፣ ሊያርፍ ነው!» ይሉታል። ጋሪ ነጂው አበረማ ፈረሱን ገታ አድርጎ «ምነው ዛሬ በእግርህ? ነዳጅ ጠፋ እንዴ?» ሳይለው ውሎ አያውቅም። ጢሞቲዎስም ሳቅ ብሎ ያልፋል። አምሳ አንድ ዓመት የሞላው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጣቶቹ እንደ ጉጠት የደረቁ፣ ንግግሩ ግን እንደ ቄጠማ የለሰለሰ ሰው ነው።

ስሙ ከሜዳ አልተለጠፈበትም። ከዳንግላ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ ቤቱ አገውኛ ሲናገር አድጎ አማርኛን ትምህርት ቤት ያገኘ ልጅ ነበር። ጎልምሶ አዲስ አበባ ገባና በአንድ የአውሮፕላን ጥገና ቤት ላሜራ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራ። ታዲያ እዚያ ያየውን ሲያወራ ማን ይመነው! ላሜራን በመዶሻ ሳይነኩ በውሃ ግፊት ብቻ ቅርጽ ሲያስይዙት አይቷል። ሌላውን በምድጃ አግለው እንደ ፊኛ በአየር ሲነፉትና ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ልክክ ሲል አይቷል። ጥቁር የካርቦን ጨርቅ በሙጫ ነክረው፣ ደራርበው፣ ክፍል በሚያህል የግፊት ምድጃ ሲያበስሉትና ከብረት የጠነከረ፣ ከእንጨት የቀለለ ሆኖ ሲወጣ በዓይኑ በብሌኑ አይቷል።

«ጨርቅ ጋግረው?» አለው አንድ ቀን አበረ።

«ጋግረው።»

«ታዲያ ይበላል?»

«አይበላም፤ ይበራል እንጂ።»

«እንግዲያው የኔን ጋቢ ወስደህ ጋግርልኝ፤ ፈረሴ አርጅቷል!»

እናቱ ታመው ወደ ዳንግላ ሲመለስ ግን የሚበር ነገር አልጠበቀውም። ከጋሪ ማቆሚያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈተና የጋሪ ጭቃ መከላከያ፣ አሸንዳ፣ የውሃ ማንቆርቆሪያ ይቀጠቅጥ ጀመር። የሚያስታውሰው ጥበብ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ይላል። ተራውን አልሙኒየም ከማጠፉ በፊት ሳሙና ይቀባዋል፤ ከዚያ በእሳት ያሞቀዋል፤ ሳሙናው ሲጠቁር ላሜራው ለስልሷል ማለት ነው። ሰው ይህን ሲያይ «አውሮፕላኑ ቆርቆሮ ያጥባል!» ብሎ ይስቃል። እሱ ግን ማታ ማታ አልጋው ሥር ያለውን የእንጨት ሣጥን ያስበዋል። ሣጥኑ ውስጥ ከአዲስ አበባ ቁርጥራጭ ተራ ገዝቶ ያመጣቸው ሁለት የአውሮፕላን ላሜራዎች አሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለጋሪም ለማንቆርቆሪያም ሳይሰስት የሰጠው እጁ፣ እነሱን ለመንካት ሰስቶ ኖሯል።

ሣጥኑን ያስከፈተችው ሽቱ ናት።

ሽቱ የጎረቤቱ የእትዬ ይታይሽ የእኅት ልጅ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በልጅነቷ ልምሻ ግራ እግሯን አስንፎታል። የምትራመደው ከጉልበት በታች በታሰረ የብረት ድጋፍ ነበር፤ ሁለት ዘንግ፣ አራት ጠፍር፣ አንድ ከባድ ጫማ። ስትመጣ ሳትታይ ትሰማለች፤ ቅጭል፣ ቅጭል። መምህርነት ተምራ ስትጨርስ ትርባ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ተመደበች። ከአስፋልቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው ዳገት ደህና እግር ላለው አርባ ደቂቃ ያስኬዳል። ልክ በዚያው ሳምንት የብረቱ ዘንግ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ቢበየድ እንኳ ያን ዳገት በየቀኑ ይዞ የሚወጣ ጉልበት የላትም። የወረዳው ሰው ደግሞ በስልክ ቁርጡን ነግሯታል፤ ሰኞ ጠዋት ካልተገኘች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።

«ጋሼ ጢሞ» አለችው ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ የተሰበረውን ብረት እንደ ሞተ ዶሮ አንጠልጥላ፣ «አውሮፕላን ነኝ ይላሉ አሉ። እስቲ እኔን ያብርሩኝ።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ እግሯን አየው። ከዚያ ወደ ቤት ሄዶ ሣጥኑን ጎተተ።

የሚሠራው ነገር ወለል ብሎ ታይቶታል። ላሜራው ባቷን ከኋላ እንደ አሸንዳ ያቅፋል፤ ታች ደግሞ ምላስ አውጥቶ ተረከዟ ሥር፣ ጫማዋ ውስጥ ይገባል። ዘንግ የለ፣ ኮተት የለ፤ ክብደቱ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ አይበልጥም። የእግሯን ቅርጽም በጀሶ ቀድቶ ሱቁ ውስጥ አቆመው። ግን ያን ሁሉ ዓመት የተመኘውን ላሜራ እጁ ውስጥ ሲያገኘው ልቡ ቸኮለ። የመጀመሪያውን ሳያሞቅ በመዶሻ ጀመረውና ባቱ ጋ ሲደርስ እንደ ደረቅ ዳቦ ተሰነጠቀበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተማረውን በአንድ ከሰዓት ረሳው! ያን ዕለት እራት አልበላም።

ይህ ላሜራ ሳሙና ቀብተው የሚያታልሉት ዓይነት አይደለም። በትክክለኛ ምድጃ፣ ሙቀቱ ተለክቶ ይግላል፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ያኔ ለአጭር ጊዜ እንደ ለፋ ቆዳ ይለሰልሳል። ከውሃው ከወጣ በኋላ ግን ማንም ሳይነካው፣ በራሱ ጊዜ፣ ቁጭ ባለበት ይጠነክራል። አንድ ሰዓት ቢሰጥህ ነው። ከጠነከረ በኋላ ላጥፍህ ስትለው ወይ ይመለስብሃል ወይ ይሰነጠቅብሃል። አንድ መላ ብቻ አለው፤ በረዶ ውስጥ ካቆየኸው መጠንከሩ ይዘገያል። ጢሞቲዎስ ይህን ሲያስረዳ ዓይኑ ያበራል፤ «ብርድን ራሱን ልብስ አድርገን ነው የምናለብሰው!» ይላል።

እንዲህ ያለ ምድጃ ያለው ከከተማው ዳር ባለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ነው። ለምኖ፣ ተመላልሶ፣ ቅዳሜ ጠዋት ተፈቀደለት። ምድጃው ግን በዚያው ቀን ከሰዓት ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ ነው። ስለዚህ አንድ ላሜራ፣ አንድ ጠዋት። ሁለተኛ ዕድል የለም።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ከቤቱ ወጣ። ስልኩን እቤት ረስቶት ነበር። መብራት እንዳይጠፋ እየጸለየ ላሜራውን አጋለው፣ ነከረው፣ ነካ ሲያደርገው እንደ ወፍራም ወረቀት እሺ አለው። ደስ አለው፤ ብቻውን አጨበጨበ! ከዚያ ኢየሩስ ለስላሳ ከምትሸጥበት ሱቅ በተዋሰው ሰማያዊ አይስ ቦክስ ውስጥ፣ ከሆቴል በለመነው በረዶ መሐል፣ ሳይጨማደድ ጠቅልሎ አስቀመጠው። የአበረን ጋሪ ተሳፈረ። ሱቁ ገብቶ፣ ጀሶው ላይ ጠቅልሎ፣ ምሳ ሳይደርስ ይጨርሳል። በሐሳቡማ ጨርሶታል።

ሰፈራቸው ጋ ሲደርሱ አበረ ፈረሱን ገታ።

«ምነው?» አለ ጢሞቲዎስ።

«አታይም? መንገዱ ተዘግቷል። ድንኳን ነው።»

የእድሩ ድንኳን ከአጥር እስከ አጥር መንገዱን ሞልቶ ተተክሏል። ከውስጥ የሴት ልቅሶ ይሰማል። ለጎረቤታቸው ለእሜቴ ደጊቱ ጎህ ሲቀድ መርዶ ተነግሯቸው ኖሯል፤ መተማ ይኖር የነበረው ታናሽ ወንድማቸው ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ጡሩምባው ሲነፋ ጢሞቲዎስ ምድጃ ሥር ነበር።

«በጓሮ ልዙርልህ?» አለ አበረ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጢሞቲዎስ ሳይመልስ የድንኳኑ በር ተገለጠና የእድሩ ዳኛ አያ አድማሴ ብቅ አሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ከዘራቸውን ከመደገፍ ይልቅ ሰው ለመጥቀስ የሚይዙ ሽማግሌ ናቸው። በከዘራቸው ጠቀሱት።

«ጢሞቲዎስ! ደረስህ? እኔማ ቀረ ብዬ ልቤ ተሰብሮ ነበር። ግባ።»

አለቀ። ገባ።

ለምን እንደገባ ላልሰማ ሰው መነገር አለበት። ጢሞቲዎስ ጴንጤ ነው፤ እድሩ ደግሞ የሰፈሩ ሁሉ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ እሑድ ለቅሶ ላይ ሳለ፣ የአምልኮ ሰዓት ደረሰብኝ ብሎ ስም ሳይጠራ ሹልክ አለ። በማግስቱ ስብሰባ ተጠራበት። «እነሱ ሞት አይገዳቸውም!» ያለ አለ፤ «ነገ እኛን ማን ሊቀብረን ነው?» ያለ አለ። የራሱ እናት ሲሞቱ ይኸው እድር ድንኳን ተክሎ፣ ሦስት ቀን አብሮት መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። እሜቴ ደጊቱማ እሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ እናቱን አምስት ወር አገላብጠው ያስታመሙ ሴት ናቸው። አያ አድማሴ ተነሥተው «ይማልልን፤ ከዚያ በኋላ ስሙን የሚያነሣ ከኔ ጋር ነው ጠቡ» አሉ። ጢሞቲዎስም በሰው ሁሉ ፊት ማለ፤ ከእንግዲህ በእድሩ ድንኳን ውስጥ ስሜ ሳይጠራ ከተቀመጥኩበት ብነሣ እድርተኛ አትበሉኝ።

ስም የሚጠራው የሩቅ ለቀስተኛ ገብቶ ንፍሮ ከቀመሰ በኋላ ነው። የዛሬዎቹ ለቀስተኞች ከእንጅባራ እየመጡ ነው አሉ። አባላቱ መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። በመዝገቡ የጢሞቲዎስ ስም መቶ ዘጠነኛ ነው።

አይስ ቦክሱን በእግሮቹ መሐል አድርጎ ከአያ አድማሴ አጠገብ፣ በድንኳኑ ሸራ ጥግ ተቀመጠ። ከሸራው ማዶ የሴቶቹ ማብሰያ ዳስ ነው፤ የንፍሮው ብረት ድስት ሲንተከተክ ይሰማል። ሰው ሁሉ አይስ ቦክሱን ያየዋል።

«ለስላሳ ነው?» አለ ከፊቱ የተቀመጠው ጎረምሳ።

«አይደለም።»

«ዓሣ ነው?»

«አይደለም አልኩህ።»

«ታዲያ ምን ይዘህ ለቅሶ ትመጣለህ?» አሉ አያ አድማሴ በጆሮው።

«በረዶ» አለ ጢሞቲዎስ። ሌላ ምን ይበል?

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «የናንተ ሥርዓት መሆኑ ነው» አሉ በአክብሮት።

መቀመጥን የመሰለ እስር ቤት የለም! በር አለው፣ በሩ ክፍት ነው፣ ዘብ የለም። ሱቁ መቶ ሃምሳ እርምጃ ቢርቅ ነው፤ የጀሶው እግር ቆሞ ይጠብቀዋል። የድንኳኑ ጣሪያ በፀሐዩ ግሎ ሙቀቱ አናት ላይ ይወርዳል። ጢሞቲዎስ በየጊዜው ጎንበስ ብሎ ክዳኑን በጣቱ ከፈት ያደርጋል፤ በረዶው አለ። እንግዲያው ላሜራው ተኝቷል። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈ። ከእንጅባራ የተነሣው ሚኒባስ ጎማው ፈንድቶ አዲስ ቅዳም ቆሟል የሚል ወሬ መጣ። እሱ አልተንቀሳቀሰም። ደግሞ በረዶው እስካለ ድረስ አይዞህ፣ እስከ ማታም ይቆይልሃል እያለ ራሱን ያጽናናል።

ይህን ሲል ነው ከቤት ውስጥ ጩኸት የተነሣው።

«እሜቴ ደጊቱ ወደቁ! ውሃ! ቀዝቃዛ ውሃ!»

ድንኳኑ ተንጫጫ። ያ ጎረምሳ እንደ ነብር ተወርውሮ «በረዶ አለ! በረዶ ይዟል!» አለና አይስ ቦክሱን ከጢሞቲዎስ እግር መሐል መንትፎ ሮጠ።

ጢሞቲዎስ እጁ አየር ላይ ቀረ። ምን ብሎ ይከልክል? እናቱን ባስታመሙ ሴት ግንባር ላይ የሚያርፍ በረዶ ነው። ይንቁበት እንጂ! አያ አድማሴ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«አሁን ገባኝ» አሉ ጮክ ብለው፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ። «መርዶ የሚጥላት መሆኑን አስቀድሞ አስቦ ነው በረዶ ይዞ የመጣው። እንዲህ ያለ ለቀስተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሰው ሁሉ በአድናቆት አጉረመረመ። ጢሞቲዎስ ያን ጊዜ መሬት ብትውጠው ደስታው ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንድ ሰዓት ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ላሜራው ላሜራ ነው፤ ሽቱም ሰኞ እቤቷ ናት።

እሜቴ ደጊቱ ነቁ፤ ልቅሶው ቀጠለ። ጢሞቲዎስ አንገቱን ደፍቶ በሐሳቡ ይቆጥር ጀመር። አሥር ደቂቃ። አሥራ አምስት። በዚህ መሐል ከጀርባው፣ ከሸራው ማዶ፣ የእትዬ ይታይሽን ድምፅ ሰማ።

«ይኼ አይስ ቦክስ ውስጥ የተጠቀለለው ቆርቆሮ የማነው? ጎሽ፣ ለንፍሮው ክዳን ይሆናል።»

እንፋሎቱ ላይ! ያን ላሜራ ማሞቅ ማለት ጥንካሬውን በጅራፍ እየገረፉ ማስሮጥ ማለት ነው። ተነሥቶ መጮህ አማረው፤ መሐላው ይዞ አስቀመጠው። ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣል አደረገ፣ ወደ ሸራው ዘንበል አለና እንደሚያንጎራጉር ሰው በአገውኛ ተናገረ። አያ አድማሴ የአገውኛ ነገር ብዙም አይሆንላቸውም፤ ይታይሽና ሽቱ ግን ያውቁታል።

«እትዬ ይታይሽ! እንዳትከድኚው! እኔ ነኝ፣ ጢሞቲዎስ።»

ሸራው በአንድ ጣት ተነካ። «ወንድምዓለም?» አለች፣ እሱን ሁልጊዜ እንደምትጠራው። «ምን ሆነህ ከሸራ ጋር ታወራለህ?»

«የሽቱ እግር ነው እሱ።»

«ምኑ?»

«የሽቱ እግር ነው! ዛሬ፣ አሁን፣ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ካልተጠቀለለ አይጠቀለልም። እኔ መነሣት አልችልም። ስሜ አልተጠራም።»

ማዶ ሹክሹክታ ሆነ። ሽቱ እዚያው ዳሱ ውስጥ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ ነበር። ድምፅዋ መጣ።

«ጋሼ ጢሞ፣ ይዘውት ይሂዱ እንጂ! ስለ እግዜር፣ ማንም ምንም አይልዎትም።»

«ምያለሁ ልጄ።»

«እኔስ? ሰኞስ?»

ያቺ «ሰኞስ?» የምትል ቃል ሸራውን አልፋ ጀርባው ላይ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ፈሰሰች። ዓይኑን ጨፈነ። የጀሶው እግር ሱቅ ውስጥ ነው፤ እውነተኛው እግር ግን እዚህ፣ አንድ ክንድ ማዶ! እጅ የለኝም እንዴ ብሎ አሰበ። ማዶ ስንት እጅ አለ?

«እትዬ ይታይሽ፣ እጅሽ ንጹሕ ነው?»

«ሽንኩርት ሸትቷል።»

«ግድ የለም። የሽቱን እግር በነጠላ ሁለት ዙር ጠቅልይው። ከዚያ ላሜራውን ከባቷ በኋላ አስደግፊና በመዳፍሽ፣ በጣት አይደለም፣ በመዳፍሽ፣ ከመሐል ወደ ጎን እየደባበስሽ እቀፊያት።»

«ውይ፣ ይቀዘቅዛል!» አለች ሽቱ።

«ይቀዝቅዝ! እስከቀዘቀዘ ድረስ የኛ ነው!»

«ምን ይላል ይኼ ሰው?» አሉ አያ አድማሴ፣ በጋቢ የተሸፈነውን ፊቱን እያዩ።

«ሙሾ ነው» አለ ከወዲያ ያለ ሰው። «በአገውኛ እያወረደ ነው።»

ጢሞቲዎስ በጋቢው ሥር ላብ በላብ ሆነ። እጆቹ ጭኑ ላይ ሆነው አየሩን ይደባብሳሉ። ከማዶ ያለው ሁሉ የሚታየው በጆሮው ነው። ይታይሽ ትንፋሿን ትውጣለች፤ ሽቱ ጥርሷን ትነክሳለች፤ ሌላ ሴት «ያዣት፣ እኔ በዚህ በኩል ልግፋ» ትላለች። አሸንዳ የሚመስለው ቅርጽ ወጣ። ባቱ ጋ ግን ክፍተት ቀረ።

«ገባ አይልም» አለች ይታይሽ። «ሆዱ ጎደሎ ነው።»

ሱቁ ውስጥ ለዚህ አሸዋ የሞላበት የቆዳ ከረጢት አለው፤ ላሜራውን እላዩ ላይ አድርጎ በእንጨት መዶሻ እየጎደጎደ ሆድ ያወጣለታል። እዚህስ? ሐሳቡ በረረ።

«ለነገ እንጀራ የመጣ ጤፍ የለም?»

«ጆንያው ይኸው።»

«ላሜራውን ጤፉ ላይ አስተኚው። ዘነዘናውን በጨርቅ ጠቅልይና በክቡ ጫፉ ከመሐል ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ምቺ። ማድቀቅ አይደለም፤ ማባበል ነው።»

ድም፣ ድም፣ ድም። ድንኳኑ ውስጥ ማንም ዘወር አላለም። በለቅሶ ቤት ጨው ይወቀጣል፤ ያለ ነገር ነው። ጢሞቲዎስ ግን እያንዳንዷን ምት ሆዱ ላይ ይቀበላታል። ጠንከር ስትል ይጨነቃል፤ ስትለዝብ ይጸልያል።

ልክ በዚህ ጊዜ የእንጅባራ ለቀስተኞች ገቡ። ልቅሶው እንደ አዲስ ተቀጣጠለ፤ ሰው ሁሉ ቆመ፣ ተቀመጠ። ንፍሮ ዞረ። ጸሐፊው ትዕዛዙ መዝገቡን ከብብቱ አውጥቶ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። እሱ መነጽር ሲጠርግ አንድ ማሳ ይታረሳል ይባላል።

«ወንድምዓለም» መጣ የይታይሽ ድምፅ። «ባቱ ልክክ ብሏል። የታችኛዋን ምላስ ግን ላጥፋት ስል ትመለሳለች። ጫን ስላት ትሄዳለች፣ ስለቃት ትነሣለች።»

ይህን ነበር የፈራው። ላሜራው እየነቃ ነው።

«ተረከዟ ሥር የምትገባዋ?»

«እሷው።»

«እንዳትቀጪያት! አንዴ ቀጥ አድርገሽ ካጠፍሻት ትሰነጠቃለች። ዘነዘናውን መሬት ላይ አጋድሚው። ምላሷን በክብ ገላው ላይ አልብሺ። ሁለት ሰው ከላይ ይቁምባት። ከሚፈለገው ትንሽ አሳልፋችሁ እጠፏት፤ ስትመለስ ልኳ ላይ ትቆማለች።»

«ማን ይቁምባት?»

ሽቱ፣ «እኔ እቆምባታለሁ» አለች። «በዚያችው እግሬ። ያዙኝ።»

«አድማሴ ወርቁ!» አለ ትዕዛዙ።

«አለሁ!» አሉ አያ አድማሴ። ስም ተጀመረ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ትዕዛዙ ስም ይጠራል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ያርማል፣ «እገሌ ልጁ ታሞ ነው» ሲባል ይጽፋል። ሃያ። አርባ። ጢሞቲዎስ በአንድ ጆሮው ስም፣ በአንድ ጆሮው ማዶ ይሰማል። ማዶ ማቃሰት፣ «ወደዚህ ዘንበል በይ»፣ «ኧረ ወገቤን!»፣ የታፈነ ሳቅ። ስልሳ። ሰማንያ። ከዚያ ማዶ አንድ ነገር ቅው አለ። ያ ድምፅ! ስንጥቅ ያን ይመስላል፤ የመጀመሪያው ላሜራ ልክ እንዲያ ነው ያለው። ጢሞቲዎስ ጋቢውን ነከሰ። ከማዶ ማንም አይናገርም። ዘጠና። መቶ። ቢጠይቅ ሊሰማ ነው፤ የድንኳኑ ሰው ሁሉ አሁን ጸጥ ብሏል፤ በአገውኛም በአማርኛም ቢያንሾካሹክ ያስነውራል። መቶ አራት። ከስም ስም ያለችው ርቀት እንደዚያ ስትረዝም አይቶ አያውቅም። ሊሮጥበት የሚችለው መንገድ ሊከፈት ሲል የሚሮጥለት ነገር የተሰበረ መሰለው።

«ጢሞቲዎስ ዓለምነው!»

«አለሁ!!» ብሎ ጮኸ። ትዕዛዙ መነጽሩ ሊወድቅ ነበር። ሰው ሁሉ ዘወር አለ።

ከጀርባው ሸራው በጣት ተነካ።

«ወንድምዓለም» አለች እትዬ ይታይሽ፣ ትንፋሽ እያጠራት። «ሙቀጫው ነው የተገለበጠው፤ አትደንግጥ። እሷ ቆማለች። ምላሲቱ ገብታለች። በነጠላ ጠፍረን አሰርንላትና ቆማለች፤ ጭራሽ አልቀመጥም ብላናለች። ቅርጹ ትንሽ ጎርበጥባጣ ነው፣ የኛ መዳፍ ታትሞበታል። ይጠፋል?»

«አይጠፋም» አለ። «አሁንማ በምንም አይጠፋም።»

ተፈታ እንግዲህ! ስሙ ተጠርቷል፤ መነሣት ይችላል። ሊነሣ ሲል ግን የግራ ትከሻው ከበደው። አያ አድማሴ ስማቸው ከተጠራ ወዲህ ትከሻው ላይ ጭንቅላታቸውን ጥለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሽማግሌ ቀስቅሶ እንዴት ይነሣል? ተመልሶ ተቀመጠ። እዚያ ተቀምጦ ሳለ ያ ሁሉ ነገር፣ የጤፉ ጆንያ፣ ዘነዘናው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተማረበት ጥበብ በሽንኩርት እጅ መሠራቱ፣ ከሆዱ እንደ ጠላ አረፋ እየገነፈለ ወደ ጉሮሮው ወጣ። ሳቅ ነው! በለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ በመቶ አሥራ ሁለት ሰው ፊት! ጋቢውን ግጥም አድርጎ ተሸፈነ። ትከሻው ግን አልታዘዝ አለው፤ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

አያ አድማሴ ከንቅንቁ ነቁ። አዩት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አይዞህ ልጄ» አሉ፣ ክንዳቸውን ትከሻው ላይ ጥለው። «እናትህ ትዝ አሉህ፣ አይደል?» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው፣ «አያችሁ? ጴንጤ አያለቅስም ያላችሁት የታላችሁ?»

እውነትም እንዳሉት እናቱ ትዝ አሉት። ሳቁ መሐል መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነበትና እንባው በጋቢው ውስጥ ወረደ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እሱም አላወቀም።

በዚያው ቅጽበት ከሸራው ማዶ፣ በአጥሩ ሥር፣ ሰው ሲራመድ ሰማ። የብረት ቅጭልታ የለም። አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ትንሽ ጎተት ያለች ሌላ እርምጃ፣ ከዚያ እንደገና። እስከ ድንኳኑ ጫፍ ሄደች፤ ተመለሰች። ነገ ለጠፍሩ ቀዳዳ ይበሳለታል፤ ጠርዙን ይሞርደዋል። ላሜራው እስከ ሰኞ ድረስ በየሰዓቱ፣ እሷ ተኝታም ተነሥታም፣ በራሱ ጊዜ እየጠነከረ ያድራል። ጢሞቲዎስ ከአያ አድማሴ ክንድ ሥር ሳይነሣ፣ እርምጃዋን አንድ በአንድ እየሰማ ተቀመጠ።